ሰረሰሩ የማን ነው

ክብሪት በሕይወቱ ከተናደደባቸው ቀኖች ሁሉ የከፋው እንዳይንቀሳቀስ የታዘዘበት ቀን ነበር። ሰው ቱግ ሲል ቢያንስ ብድግ ማለት፣ በር መደብደብ፣ እጁ የገባለትን ነገር አንስቶ መወርወር ይፈልጋል። እሱ ግን ጠባብ ቧንቧ በመሰለ ማሽን ውስጥ በጀርባው ተጋድሞ፣ ጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ተደግፎ፣ ጆሮው ተደፍኖ፣ ምራቁን እንኳ ቀስ ብሎ እንዲውጥ ተነግሮት ነበር የነደደው።

ክብሪት የወጣለት ስም ነው። ሥራው ብየዳ ነው፤ በርና መስኮት፣ የበረንዳ ብረትና የደረጃ መደገፊያ ይሠራል። ጠባዩም እንደ ስሙ ቶሎ ይያያዛል፣ ቶሎ ይጠፋል። የእሱን በር ያሠራ ሰው ዕድሜ ልኩን ሌላ በር አያምረውም፤ የእሱን አፍ የቀመሰ ደንበኛ ግን ሁለተኛ ከመምጣቱ በፊት ደጋግሞ ያስባል። አንዲት ሴትዮ አንድ ጊዜ "ይሄ በር ትንሽ ጠመም አላለም?" ብትለው፣ ውኃ ልኩን አምጥቶ በሩ ላይ ለጠፈና "በሩ ቀጥ ብሏል። የጠመመው ግድግዳሽ ነው፤ ግንበኛሽን ጠይቂው" አላት። እውነቱን ነበር። ሴትዮዋ ግን እስከ ዛሬ በመንገድ ስታገኘው ፊቷን ታዞራለች።

ወላጆቹ በልጅነቱ ስለሞቱበት ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት። እትዬ ነው የሚላት። እትዬ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ኃላፊ ናት፤ ድስቶቿ ሕፃን ያስቀምጣሉ፣ ድምጿ ደግሞ ግቢውን ያቋርጣል። ወንድሟ ሲያለቅስ አብልታ፣ ሲያኮርፍ አብልታ፣ ሲቆጣም አብልታ ነው ያሳደገችው። አግብቶ ቤት ከሠራ በኋላም ቢሆን የዚያ ቤት የመጨረሻ ቃል የእሷ ነበር። ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የዋህም ሞኝም አይደለችም፤ እትዬ ባለችበት ግን አፏን ከመክፈት መርፌዋን ጥርሷ መሃል መያዝ ትመርጣለች።

አወዳደቁ እንዲህ ነው። እሱና ሸሪኩ የሚሠሩባት አንዲት ደንብ ነበረቻቸው። ብረት መጀመሪያ በነጥብ በነጥብ ይያዛል፤ ሙሉ ብየዳው የሚመጣው ሁሉም ነገር ተለክቶ ካለቀ በኋላ ነው። በነጥብ የተያዘ ብረት ለዓይን የተበየደ ይመስላል እንጂ ሰው አይችልም። ስለዚህ በነጥብ የያዘው ሰው ቀይ ጨርቅ ያስርበታል፤ ጨርቅ ያለበትን ብረት የሚደገፍ የለም። በዚያ ቀን ሸሪኩ የአንድ ፎቅ ቤት በረንዳ ብረት ያዝ ያዝ አድርጎ የመበየጃ ኤሌክትሮድ ሊያመጣ ወረደ። ጨርቁ ኪሱ ውስጥ ቀረ። ክብሪት በረንዳው ላይ ሆኖ፣ ከታች ቆሞ "መቼ ነው የምትጨርሱት?" እያለ ከሚነተርከው የቤቱ ጌታ ጋር ሊመላለስ ብረቱን ተደገፈና አንገቱን ወደ ውጭ አወጣ። የጀመረውን ስድብ ሳይጨርስ ብረቱም እሱም አብረው ወረዱ።

በትከሻውና በአንገቱ ነው ያረፈው። ሆስፒታል ሲደርስ ክንዱን ማንሳትና ክርኑን ማጠፍ ይችል ነበር፤ ጣቶቹ ግን የሌላ ሰው ጣቶች ሆነውበታል፤ ከደረቱ በታች ደግሞ ጭራሽ ምንም የለም። ወዲያው ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ሻል ሲለው ወደ ኤም አር አይ ክፍል ወሰዱት። ማሽኑ ማግኔት ስለሆነ ባለሙያው መጀመሪያ ጠየቀው፦ "ወንድሜ፣ ዓይንህ ውስጥ ብረት ገብቶ ያውቃል?"

"መቼ ወጥቶ ያውቃል?" አለው ክብሪት።

ቀልዱን አልነበረም። በእነሱ ሠፈር ዓይኑ ውስጥ ፍንጣሪ የገባበት በያጅ ሐኪም ቤት አይሄድም፤ ሸሪኩ የክብሪት እንጨት ጫፍ በምላሱ አርሶ ያወጣለታል፤ ያልወጣው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ዓይኑን ለብቻ ራጅ አንስተው፣ ምንም አለመቅረቱን አይተው ነው ያስገቡት። እሱም በሥቃዩ መሃል ይሄን ለሸሪኩ እስኪያወራለት ቸኮለ። ያን ጊዜ ገና ይስቅ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ክብሪት የሰማው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ እኛ ግን አስቀድመን ካልሰማነው ንዴቱ አይገባንም። እሱ አልጋው ላይ ተኝቶ ሳለ የነርቭ ሐኪሟ እትዬን፣ ባለቤቱንና ሸሪኩን ኮሪደሩ ላይ ሰብስባ ውጤቱን ነገረቻቸው።

"በድሮው ቢሆን 'ጠብቁ፣ ጊዜ ያሳየናል' ብለን ነበር የምንሸኛችሁ" አለች። "ይሄ አዲሱ አነሳስ ግን ከሰረሰሩ ቁስል ዳርና ዳር ምን ያህል ጤነኛ አካል እንደተረፈ ያሳየናል፤ እንለካዋለን። ድልድይ በሉት። ድልድይ ከተረፈ ከአንጎል የሚመጣው ትዕዛዝ የሚያልፍበት አለው ማለት ነው። ወደ እግሮቹ በሚወርደው በኩል ድልድይ የለም ማለት ይቻላል። የመራመዱ ነገር በጣም ያጠራጥራል። ወደ እጆቹ በሚሄደው በኩል ግን አለ፤ ቀጭን ነው፣ ግን አለ። እነዚህን የመጀመሪያ ወራት እጁ ላይ አጥብቆ ከሠራ፣ መጨበጥና መያዝ ይችላል ብዬ እገምታለሁ። ትንበያ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ጊዜው ግን አሁን ነው።"

እትዬ ስለ እግሩ ሲነገር ጆሮዋ እዚያው ቀርቷል። "ዶክተር፣ ለእሱ እንዳይነግሩት" አለች። "ጠባዩን አያውቁትም። ይሄን ከሰማ ምግብ አልበላም ብሎ ይሞትብኛል። እኛው ቀስ ብለን እንነግረዋለን።"

ዶክተሯ አመነታች። ከዚያ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። በቃ፤ ይሄው ነው። አንድ ሙሉ ሰው፣ ሠርቶ የሚያድር፣ ሚስት ያለው፣ ራሱ ለክቶ ራሱ የሚቆርጥ ሰው፣ የገዛ ሰውነቱ ጉዳይ ኮሪደር ላይ ራስ ሲነቀነቅ አለቀ። መናደድ የፈለገ እዚህ ላይ ይናደድ።

"ቀስ ብለን" ያሉት ሳይመጣ ቀረ። የእግሩን ደብቀው የእጁን ብቻ እንዳይነግሩት፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ እግሩ መሆኑን ያውቃሉ። ስለዚህ ሁለቱንም አንድ ላይ ቀበሯቸው። "ሐኪሞቹ ምን አሉ?" ሲላቸው "ደህና ነው አሉ፣ ጊዜ ይፈልጋል አሉ" ይሉታል። እሱ ደግሞ ደህና ነው የተባለውን እግሩን መጠበቅ ያዘ። ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነቃ ብርድ ልብሱን አስገልጦ የእግሩ አውራ ጣት ላይ ያፈጣል፤ ጥርሱን ነክሶ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ "ና፣ ና፣ ና" ይለዋል። አውራ ጣቱ ጆሮ ዳባ ልበስ። አንዳንዴ ራሱ ሲዘልል፣ ሐኪሞቹ ያለፈቃድ መወራጨት ነው የሚሉት፣ ክፍሉን በሙሉ ይጠራል። እትዬም ደረቷን ይዛ "ይኸው፣ አላልኩህም" ትላለች።

ሸሪኩም ከሥራ በኋላ እየመጣ "ስትነሳ የትልቁን ሕንፃ ደረጃ እንይዛለን" ይለዋል፣ ዓይኑን ግድግዳው ላይ ተክሎ። ባለቤቱ ፊቱን ትላጨዋለች፣ ስልክ ሲደወል ጆሮው ላይ ትይዝለታለች። እትዬ ደግሞ ታጎርሰዋለች። ማንኪያው ከድስት ወደ አፍ፣ ከአፍ ወደ ድስት ይመላለሳል፤ ክብሪት አንድ ቀን "እስቲ እኔ ልሞክር" ብሎ እጁን ሲዘረጋ "ተው፣ አትድከምብኝ፤ ጉልበትህን ለእግርህ ያዝ" ብላ እጁን መልሳ አስቀመጠችው። በፍቅር ነበር ያስቀመጠችው። እሱም እውነት መስሎት እጁን እዚያው ረሳው።

ፊዚዮቴራፒስቷ ወጣት ናት፤ ከአልጋ አልጋ እየሮጠች የምትሠራ። ክብሪት ጋ ስትደርስ ስፖንጅና ለስላሳ ሊጥ የመሰለ ነገር ይዛ "ጋሼ፣ እስቲ ይሄን ጨብጥልኝ" ትለዋለች።

"እጄን ተዪው ልጄ። እጅ የትም አይሄድም። እግሬን ሥሪልኝ።"

"እግርህንም እንሠራለን፤ ግን ጣቶችህ..."

"ጣቴ ደህና ነው። ስነሳ ብረት ሲነካ ራሱ ያስታውሳል።"

ልጅቷ ምን ትበል? ቤተሰቡ እስኪነግረው ትንፍሽ እንዳትል ታዝዛለች። እትዬን በር ላይ እየጠበቀች "ነገራችሁት?" ትላታለች፤ እትዬም "ዛሬ ፊቱ ጥሩ አይደለም" ትላታለች። ፊቱ ደግሞ ጥሩ ሆኖ አያውቅም። ጣቶቹ ታጥፈው እንዳይደርቁ ሌሊት ሌሊት የሚታሠር የእጅ መደገፊያም ተሰጥቶት ነበር። እሱን አገላብጦ አየና "ይሄን ያጠፈው ሰው ማጠፍ አያውቅም። ጠርዙ ሳይሞረድ ለሰው ይሰጣል? አውልቁልኝ" አለ። አወለቁለት። ክብሪት ካዘዘ ይወለቃል፤ እትዬ ካዘዘች አፍ ይዘጋል፤ በመሃል ጣቶቹ ቀስ በቀስ ወደ መዳፉ እየተጠቀለሉ ሄዱ።

ባለቤቱ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻቸውን ሆነው ልትነግረው ጀምራ ነበር። "ስማ፣ ያን ጊዜ ዶክተሯ..." ስትል እትዬ ሾርባዋን ይዛ ገባች። ባለቤቱ ጨርቋን አንስታ መስፋት ቀጠለች። "ዶክተሯ ምን?" አላት ክብሪት። "ሰላም ብላሃለች" አለችው።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለተኛው ምስል የሚነሳበት ቀን ደረሰ። ሰረሰሩ ምን ላይ እንዳለ አወዳድሮ ለማየት ነው። ያው ክፍል፣ ያው ማሽን፣ ያው ባለሙያ። ሰውየው የዓይኑን ብረት ቀልድ አልረሳም፤ እየሳቀ ተቀበለው። ሲያስተካክለው፣ ማሽኑ ውስጥ የጨነቀው ሰው የሚጨብጣትን የጎማ ኳስ መዳፉ ላይ አስቀመጠለት። ስትጨበጥ ውጭ ትጮሃለች። "እስቲ ሞክራት" አለው።

ክብሪት ሞከረ። ኳሷ መዳፉ ላይ ቁጭ እንዳለች ቀረች።

"እንዴ፣ ገና ነው እንዴ?" አለ ባለሙያው፣ ከልቡ ገርሞት። "በመጀመሪያው ምስል እጅህ ጥሩ ተስፋ አለው ተብሎ አልነበር? እስካሁን ትጨብጣለህ ብዬ ነበር።"

ክብሪት ዓይኑን ከኳሷ ወደ ሰውየው አነሳ። ብዙ ሰው ክብሪትን የሚያውቀው ሲጮህ ነው፤ ድምፁ ሲወርድ ግን ይበልጥ ያስፈራል። "እግሬስ?" አለ።

ባለሙያው እጁ ኳሷ ላይ እንዳለ ደረቀ። "ዶክተሯ... አልነገረችህም?"

"ነግራኛለች" አለ ክብሪት፣ ድምፁን አለስልሶ። በሕይወቱ ከዋሻቸው ጥቂት ውሸቶች አንዷ ይቺ ናት። "ያን ጊዜ ራሴን አላውቅም ነበር፤ ተምታቶብኛል። አንተ ድገምልኝ።"

ሰውየው ደገመለት። ቀስ ብሎ፣ ቃል እየመረጠ፣ የሚያውቀውን ብቻ። ስለ ድልድዩ ነገረው። ወደ እግሩ በሚወርደው በኩል እንደሌለ፣ ወደ እጁ በሚሄደው በኩል እንዳለ፣ መጀመሪያዎቹ ወራት ለእጅ ሥራ ወርቅ መሆናቸውን ነገረው። ሲጨርስ ፊቱ ላይ የሆነ ነገር አይቶ "ዛሬ ይቅርብን? ሌላ ቀን እናድርገው?" አለው።

"አስገባኝ።"

"ከተንቀሳቀስክ ምስሉ ይደበዝዛል። ሌላ ተራ ደግሞ ቶሎ አይገኝም።"

"አስገባኝ አልኩህ። ያ ድልድይ አሁንም መኖሩን ማወቅ እፈልጋለሁ።"

ማሽኑ ሲጀምር ላሜራ የሚቀጠቅጡ ይመስላል። ክብሪት ከዚያ ጩኸት በታች ነደደ። መጀመሪያ እግሩን እንኳ አላሰበም። ያሰበው ሰዎቹን ነው። ሸሪኩ ለምን ግድግዳ ግድግዳውን እንደሚያይ አሁን ገባው። "ሰላም ብላሃለች" የተባለው ገባው። ጠዋት ጠዋት ብርድ ልብሱን አስገልጦ አውራ ጣቱን ሲለምን፣ ዙሪያውን ቆመው እያወቁ አብረውት "ና" ሲሉ የነበሩት ፊቶች አንድ በአንድ መጡለት። ፊዚዮቴራፒስቷን "እጅ የትም አይሄድም" ብሎ ያሾፈባት ጊዜ ሁሉ መጣለት፤ ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ሊጧን ሰብስባ ስትሄድ ታየው። ያቺም ታውቅ ነበር። የሚያስተኛው፣ የሚያነሳው፣ ቆሻሻውን የሚደፋው ሁሉ ሳያውቅ አይቀርም። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ስለ ክብሪት ሰረሰር የማያውቀው ክብሪት ብቻ ነበር።

መጮህ አማረው፤ ጩኸት አንገት ያንቀሳቅሳል። ክንዱን አንስቶ የማሽኑን ጣሪያ በክርኑ መደለቅ አማረው፤ ክንዱን ማንሳት ይችላል፤ አላነሳም። በእነሱ የተነሳ የሄደው ወር ሄዷል፤ ይቺን ምስል ደግሞ በራሱ ቁጣ አያበላሻትም። ዕንባው በዓይኑ ጥግ ወርዶ ጆሮው ውስጥ ገባ፤ አሳከከውና ሊያሳብደው ደረሰ። አልነካውም። ጨርሶ ንዴቱን ውጦ የማያውቅ ሰው ያን ዕለት፣ ምራቁን ቀስ ብሎ እየዋጠ፣ ማሽኑ ዝም እስኪል ድረስ እንደ ተገተረ ብረት ቀረ።

"እንዲህ ጥርት ያለ ምስል ዘንድሮ አላነሳሁም" አለ ባለሙያው ሲያወጣው። ክብሪት "ወደ ዶክተሯ ውሰዱኝ" አለ።

ዶክተሯ ቢሮ ሲደርስ ሦስቱም እየጠበቁት ነበር። እትዬ የምግብ ዕቃዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። ክብሪት ዊልቸሩን የሚገፋውን ሠራተኛ ከዶክተሯ ጠረጴዛ ፊት ለፊት እንዲያቆመው ጠየቀው። ከዚያ እንደ ወትሮው አልጮኸም።

"ዶክተር" አለ። "ሰረሰሩ የማን ነው?"

ዶክተሯ አልገባትም። "ምን?"

"እናንተ ኮሪደር ላይ የተካፈላችሁት ሰረሰር። የእትዬ ነው? የሸሪኬ ነው? የኔ ከሆነ ለምን እኔ ብቻ አልሰማሁም?"

እትዬ ቀድማ "የኔ ወንድም፣ ማን ነው የነገረህ?" አለች።

"ይሄን ነው የምትጠይቂኝ? ማን ነገረህ?"

"ተስፋ እንዳትቆርጥ ብዬ ነው። እኔ ነኝ ያልኩት፤ እነሱን ተዋቸው። ያኔ ብትሰማው ትሞትብኝ ነበር።"

"የሌለኝን እግር ተስፋ ሰጥታችሁ ያለኝን እጅ ወሰዳችሁብኝ" አለ ክብሪት። አሁን ድምፁ ወጣ፤ ኮሪደሩ ላይ የሚያልፉ ሰዎች ቆሙ። "እኔ እኮ በያጅ ነኝ። እግር የሌለው በያጅ ቁጭ ብሎ ይበይዳል። እጅ የሌለው ምን ይሆናል? ንገሪኝ እስቲ፣ ምን ይሆናል? አብልተሽ ልታኖሪኝ ነው?" ወደ ሸሪኩ ዞረ። "አንተስ? በነጥብ የተያዘ ነገር ላይ ሰው አስደግፈህ ዝም ማለት ለመድክ። ሁለተኛህ ነው።"

ሸሪኩ ፊቱ አመድ መሰለ። ባለቤቱ "ልነግርህ ፈልጌ ነበር፤ ፈራሁ" አለች።

"ማንን? እኔን?"

"አይደለም" አለች፣ ወደ እትዬ ሳታይ። እሱም በንዴቱ መሃል ፍንድት ብሎ ሳቀ፤ የዓመታትን ነገር በአንድ ቃል ነው የነገረችው። ሳቁም ቶሎ ጠፋ።

ዶክተሯ ወንበሯን ወደ እሱ አዞረች። "ልጠይቅ የሚገባኝ አንተን ነበር" አለች። "አልጠየቅሁህም።"

"አሁን ይጠይቁኝ።"

"ውጤቱን ለማን ልንገር?"

"ለኔ። እነሱ ይውጡ።"

ወጡ። ዶክተሯ ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን ከፈተችለት። ክብሪት የሥራ ንድፍ እንደሚያይ ተጠግቶ አየ፤ ሽበት የመሰለ ነጭ ቁስል፣ ከጎኑ ደግሞ እንደ ክር የቀጠነ ግራጫ መስመር። "ይቺ ናት?" አላት። "ይቺ ናት። እንዳለች አለች፤ ምንም አልሆነችም" አለችው። ክብሪት እፎይ ሊል ሲል ቀጠለች፦ "ችግሩ ድልድዩ አይደለም። መገጣጠሚያዎችህ ደርቀዋል። የቀኝ እጅህ በሥራ ይፈታል ብዬ አምናለሁ። የግራው ግን እንደ ድሮው አይሆንም፤ የተወሰኑት ጣቶች እንደታጠፉ ሊቀሩ ይችላሉ። ይሄን ደግሞ ማሽኑ አይደለም የሚነግረኝ፤ እጅህን አይቼው ነው።"

"ከመጀመሪያው ብሠራበት ኖሮ?"

ዶክተሯ ዓይኑን እያየች "የተሻለ ይሆን ነበር" አለችው። ክብሪት ለዚያች መልስ አመሰገናት። በቀሪው ሁሉ እስከ ዛሬ አልማራትም።

ከዚያ በኋላ የፊዚዮቴራፒው ክፍል ሰላም አጣ። ክብሪት በጠዋት መጥቶ ልጅቷ ካልደረሰች በር ላይ ይነተርካል። የደረቀ ጣት ሲፈታ ያማል፤ እሱም ሲያመው ይሳደባል፤ ማሽኑን፣ ኮሪደሩን፣ ሊጡን፣ "ቀስ" የሚባለውን ቃል የፈጠረውን ሰው ሁሉ ይሳደባል። ልጅቷ እየሳቀች ጣቱን ትጎትታለች። ሸሪኩን አስጠራና ያንን መደገፊያ ፊቱ ወረወረለት፤ መወርወሩ እንኳ በክንድ ብቻ ነበር። "ለካኝና በትክክል አጥፈህ አምጣ። ጠርዙን ሞርደው። እስኪሆን ድረስ እመልስብሃለሁ" አለው። ሸሪኩ አምጥቶ፣ ተመልሶ፣ አምጥቶ፣ ተመልሶ፣ በመጨረሻ ጥሩ ሠራ። ይቅርታ አልጠየቀውም፣ ክብሪትም አልጠበቀም፤ ሁለቱም የሚግባቡት በብረት ነው። ባለቤቱ ደግሞ ማንኪያውን በቆዳ ማሰሪያ መዳፉ ላይ የሚያስር ነገር ሰፋችለት። ግማሹ ሾርባ ደረቱ ላይ ይቀራል። ማንም እንዳይጠርግለት አዘዘ።

እትዬን ግን አላስገባትም። በየቀኑ መጥታ በሩ ላይ ባለው አግዳሚ ትቀመጣለች፤ የምግብ ዕቃው ጭኗ ላይ ይቀዘቅዛል። ድምጿ ግቢ የሚያቋርጠው ሴት ላለፈ ላገደመው "እንዴት አደራችሁ" እያለች ብቻ ትውላለች። ባለቤቱ "ኧረ ተዋት፣ አሳድጋሃለች" ስትለው "ለዚያ አይደል የተቃጠልኩት" ይላታል።

አንድ ቀን ቀኝ እጁ ላይ ሲሠሩ የሌባ ጣቱና አውራ ጣቱ ተቀራረቡ። ልጅቷ ጮኸች። "እትዬን ልጥራልህ? ውጭ ናት እኮ።"

ክብሪት የተቀራረቡትን ጣቶቹን፣ ከዚያም በሩን አየ። "ጥሪያት" አለ።

እትዬ የምግብ ዕቃዋን አግዳሚው ላይ ጥላ ገባች። ሰላምም ሳይላት፣ "እጅሽን አምጪ" አላት። እጇን መዳፉ ላይ አስቀመጠች፤ ዕድሜ ልኳን ድስት ያነሳ ሰፊ እጅ ነው። ክብሪት ፊቱ እስኪቀላ፣ የአንገቱ ሥር እስኪገተር ጨበጣት።

"ተሰማሽ?"

"እንዴታ" አለች እትዬ፣ ዕንባዋ እየወረደ። "አጥብቀህ ነው የያዝከኝ። ድሮም ብርቱ ነህ።"

ክብሪት ጣቶቹን አየ። አውራ ጣቱ ብቻ ነው ቆዳዋን የነካው፤ የቀሩት አየር ላይ ናቸው። እጁን ከእጇ ሥር አወጣ። "ውጪልኝ" አላት።

በማግስቱም አስገባት። ጨበጣት። "ተሰማሽ?" "በደንብ ነው እንጂ።" "ውጪልኝ።" በሌላውም ቀን እንዲሁ ሆነ። ልጅቷ "ጋሼ፣ ለምን ታሠቃያታለህ?" ብትለው "ጣቴን ጎትቺ" አላት። እትዬም በሩ ላይ ሆና ምን እንዳጠፋች ሊገባት አልቻለም፤ ደግ ቃል ነው የተናገረችው፣ የታመመን የሚያበረታ ቃል ነው። ዕድሜዋን በሙሉ እንዲህ ነው የኖረችው።

በመጨረሻ የገባች ቀን አላለቀሰችም። ደክሟት ነበር። እጇን ሰጠችው፣ እሱም ጥርሱን ነክሶ ጨበጠ፣ "ተሰማሽ?" አላት። እትዬ የተያያዙትን እጆች ጎንበስ ብላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በደንብ አየቻቸው።

"አልተሰማኝም" አለች። "አውራ ጣትህ ብቻ ነው የነካኝ። ሌላው ምንም የለውም።"

ልጅቷ በድንጋጤ ሥራዋን አቆመች። ክብሪት እጁን አላወጣም።

"ወንበሩን ሳቢና ቁጭ በይ" አላት።